ብረት የሚስበው ድንጋይና ጠጋኙ እጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ከአስፋልቱ ጎን ተሰልፈው የቆሙትን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ሳያይ አያልፍም። አምቦ ደርሶ ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ ቢቀጥል፣ ወይም ወደ ጅባት ተራራ ታጥፎ ወደ ሸነን ከተማ ቢያመራ፣ ሽቦው እየቀጠነ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ጨርሶ አይለየውም። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። መብራቱ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር አብረን ልንመረምር አስበናል። አንደኛው፣ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ኃይል እንዴት እንደ ተገኘና ወደ አገራችን በምን መንገድ እንደ ገባ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ኃይል ከገባ ወዲህ የጥገና ሙያ በአየር፣ በባሕርና በየብስ ምን ያህል እንደ ተራመደ ነው። የመሣሪያው ታሪክ የጠጋኙ እጅ ታሪክ ካልተጨመረበት ግማሽ ታሪክ ነው ብለን እናምናለንና። በጽሑፉ ውስጥ ዓ. ም. የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እ. ኤ. አ. የተባለው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይወቅልን።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ የሚሊጢን ሰው ታሌስ፣ እንደ ዶቃ የሚሰካውን አምበር የተባለ የደረቀ የዛፍ ሙጫ በጨርቅ ሲፈትጉት ገለባና ላባ እንደሚስብ፣ ማግኔዝያ ከተባለ አገር የሚገኝ አንድ ዓይነት ድንጋይም ብረት እንደሚስብ ያውቅ ነበር ይባላል። ግሪኮች አምበርን ኤሌክትሮን ይሉት ስለ ነበር ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ፤ መግነጢስ የሚለውም ከድንጋዩ አገር ስም ተወረሰ። ከዚህ በኋላ ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል ሰው በነገሩ ከመደነቅ አላለፈም። እ. ኤ. አ. በ1600 የእንግሊዝ ንግሥት ሐኪም የነበረው ዊልያም ጊልበርት ባወጣው መጽሐፍ፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን የሚያመለክተው ምድር ራስዋ ታላቅ መግነጢስ ስለ ሆነች ነው ብሎ አስረዳ። በ1800 የኢጣልያው ሊቅ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። በ1820 የዴንማርኩ ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ የኮምፓስ መርፌ እንደሚዞር አየ፤ ሁለቱ ኃይሎች ዘመዳሞች መሆናቸው ያን ጊዜ ታወቀ። በ1831 ደግሞ የአንጥረኛ ልጅ የነበረውና በመጽሐፍ ጠራዥነት ሙያ ያደገው እንግሊዛዊው ፋራዴይ፣ መግነጢስ በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ አረጋገጠ። ዛሬ በግድብ ሥር የሚዞረው ታላቅ ጄኔሬተር ሁሉ የዚህ የአንጥረኛ ልጅ ግኝት ነው።

የዚህን ኃይል ጠባይ ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ አምቦን የሚያቋርጠው የሁሉቃ ወንዝ ይበቃናል። ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ኤሌክትሪክም ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል። የከፍታው ልዩነት በኤሌክትሪክ ዘንድ ቮልት ይባላል፤ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የውሃ ብዛት አምፔር ይባላል፤ መንገዱ ጠባብና ድንጋያማ ሆኖ ውሃውን ማስቸገሩ ደግሞ ተቃውሞ ይባላል፤ መለኪያውም ኦም ነው። ጀርመናዊው ኦም እ. ኤ. አ. በ1827 ያስተማረው ሕግ ይህንኑ የሚል ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር የሚያልፈው ይበዛል፣ ተቃውሞው ሲጨምር ግን ያንሳል። ሽቦ ቀጭን ሆኖ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲሸከም ቢገደድ ይግላል፤ ከልክ ሲያልፍም ይቀልጣል። ፊውዝ የተባለው ትንሽ ክር በዚህ ጠባይ የተመሠረተ ነው። ቤቱ ከሚቃጠል እርሱ ይቃጠላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ፊውዝ ባያውቁም የፊውዝን ምሥጢር ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል።

ለባትሪውም ምሳሌ ከአምቦ አይጠፋም። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም፤ በውስጡ ማዕድን የሟሟበት ውሃ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በአምቦ ውሃ የራሰ ጨርቅ በመዳብና በዚንክ ቍራጮች መካከል ቢያደርግ፣ ከአንድ ቮልት የማይበልጥ ደካማ ኃይል በመለኪያ መሣሪያ ሊያይ ይችላል። ቮልታ የጨው ውሃ ያጠጣውን ጨርቅ በብረቶች መካከል እየደራረበ ያደረገው ይህንኑ ነበር። የዕውቀት መሠረት እንዲህ በእጃችን ካለው ነገር ሊጀምር ይችላል፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን የሚያሳየው አስተማሪ ነው።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1889 እስከ 1892 ዓ. ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ስልክ ድምፅን በኤሌክትሪክ ሞገድ አድርጎ ይልካል፤ በሌላው ጫፍም መግነጢስ ስስ ብረት እያርገበገበ ድምፁን መልሶ ይወልዳል። አካል ሳይታይ ቃል መሰማቱ ያስደነገጣቸው ሰዎች የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ማለታቸው፣ ምኒልክም ሳይቀበሏቸው መቅረታቸው ይነገራል። በ1890 ዓ. ም. ገደማም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት በራ።

እኚሁ ንጉሥ ሌላም ነገር አድርገዋል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው የሚሰድብ ሰው እንዲተው አዋጅ አስነግረዋል። ብዙ ሰው ስልኩንና መብራቱን ያስታውሳል፤ አዋጁን ግን ይረሳዋል። ለእኛ ግን ሦስቱ አንድ ነገር ናቸው። መብራት የሚወድ አገር ብረት የሚነካውን እጅ ከናቀ መብራቱን ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው አይችልምና። በምዕራብ ሸዋም ሆነ በሌላው ያገራችን ክፍል ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሠራው ቀጥቃጭ በማኅበር ተገልሎ፣ ቡዳ እየተባለ፣ በመንደር ዳር እንዲቀመጥ መደረጉን ማን ይክዳል? ፋራዴይ በእኛ አገር ቢወለድ ኖሮ የአባቱ ሙያ ምን ያህል መንገድ በዘጋበት ነበር!

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ. ም. ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ የሚነዳት ፖቴዝ 25 የተባለች አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ደረሰች። ሕዝቡ ክንፏን እያየ ተደነቀ። ነገር ግን የዚያ ዘመን አውሮፕላን ልብ ክንፉ ሳይሆን ማግኔቶ የተባለው ትንሽ ዕቃ ነው። በማግኔቶ ውስጥ መግነጢስ በሽቦ ጥቅልል አጠገብ እየዞረ ብርቱ ቮልት ይወልዳል፤ ኃይሉም ወደ ካንዴላው ሄዶ የእሳት ብልጭታ ይሆናል፤ ብልጭታው ቤንዚኑን ያነድዳል። ባትሪ ቢደክም እንኳ ማግኔቶው እስከ ዞረ ድረስ ሞተሩ አይቆምም፤ ስለዚህም ነው በአውሮፕላን ሞተር ላይ ሁለት ማግኔቶ ተደርጎ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካ የተደረገው። ደግሞም አየሩ በሳሳበት ከፍታ ብልጭታው ያልታዘዘበትን መንገድ ዘሎ ለመሄድ ይቀለዋል፤ አየር ኤሌክትሪክን የሚከለክለው ሲወፍር ነውና። እንደ አዲስ አበባና እንደ ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺሕ አራት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር አውሮፕላን ገና ከመሬት ሳይነሣ በሳሳ አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ የደጋው ጠጋኝ ከቆላው ጠጋኝ ይልቅ ሽፋኑንና ንጽሕናውን አጥብቆ መጠበቅ ይገባዋል።

አውሮፕላንና ምዕራብ ሸዋ የተገናኙበት ሌላው ምዕራፍ ግን በእሳትና በደም የተጻፈ ነው። በ1927 ዓ. ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት አቆሙ። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጠላት አገሪቱን ወረረ፤ ሰማዩንም በአውሮፕላን ሞላው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር ውስጥ ገቡ። በሰኔ 1928 ዓ. ም. በወለጋ፣ በነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ በተባለ ስፍራ፣ ወለጋን በማባበል ለመያዝ የመጡትን የጠላት ሹማምንት በሌሊት ወግተው ጄኔራል ማልዮኮንና ሌሎችን ገደሉ፤ ሦስት አውሮፕላኖችንም አቃጠሉ። የዚያ ትውልድ ልጆች አውሮፕላንን በቅርብ ያዩት ለመጠገን ሳይሆን ለማቃጠል ነበር። ይህ የተገባ ጀግንነት ነበር፤ ሆኖም ነጻነት ሲመለስ አገሪቱ የሚያቃጥል ብቻ ሳይሆን የሚጠግን እጅም እንደሚያስፈልጋት ተገለጠ።

ከነጻነት በኋላ ይህ እጅ በሁለት ቦታ መሠልጠን ጀመረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ. ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በመጀመሪያ አብራሪውም፣ ጠጋኙም፣ አስተዳዳሪውም ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው ድርጅት የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። በቢሾፍቱም በስዊድናዊው በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት የአየር ኃይል ትምህርት ተጀመረ። ውጭ አገር ሰው እያስተማረ፣ ኢትዮጵያዊው በአጠገቡ ቆሞ መፍቻ እያቀበለ፣ ቀጥሎም መፍቻውን ራሱ እየጨበጠ፣ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። እ. ኤ. አ. በ1971 አየር መንገዱ በኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ መመራት ጀመረ፤ ዛሬም የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አገሮችን አውሮፕላኖች ጭምር ይጠግናል። ይህ በአንድ ቀን ግዥ የተገኘ ነገር አይደለም፤ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ዋጋ ነው።

በባሕር በኩል ደግሞ አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1950ዎቹ እ. ኤ. አ. አጋማሽ በምጽዋ ሲቋቋም የኖርዌይ መኰንኖች በትምህርቱ ረዱ። እ. ኤ. አ. በጥር 1962 ከአሜሪካ አንድ መርከብ ተቀብሎ ስሟን «ኢትዮጵያ» አላት፤ ከባሕር ኃይሉ መርከቦችም ሁሉ ትልቋ ሆነች። ይህች መርከብ አስቀድሞ «ኦርካ» ስትባል ከተዋጊነቷ ይልቅ የጠጋኝነት ሥራ ነበራት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ባሕር የምትሠራው በውሃ ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ማገልገል ነበር። ነዳጅ፣ መለዋወጫና ወርክሾፕ ተሸክማ፣ የጦር ሰፈር በሌለበት የባሕር ወሽመጥ መልሕቋን ጥላ፣ አውሮፕላኖቹን ትጠግናለች፤ አብራሪዎቹንም ታሳድራለች። የአገራችንን ስም ተሸክማ ቀይ ባሕርን ያቋረጠችው መርከብ እንግዲህ ከመሠረቷ የጥገና ቤት ነበረች! በኋላ በጦርነቱ ምክንያት እ. ኤ. አ. በ1991 ወደ የመን ሄዳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የዚያች መርከብ የቀድሞ ጌታ የሆነው የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ. ኤ. አ. በ1959 ለአውሮፕላኖቹ ሁሉ አንድ የጥገና ሥርዓት አወጣ። ሥርዓቱ ጥገናን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። በመጀመሪያው ደረጃ አውሮፕላኑን የሚያበርረው ክፍል ራሱ በየዕለቱ ይመረምራል፣ ያጸዳል፣ ቀላሉን ብልሽት ያበጃል። በሁለተኛው ደረጃ በአቅራቢያ ያለ ወርክሾፕ የተፈታውን ዕቃ ይጠግናል። በሦስተኛው ደረጃ ታላቁ ፋብሪካ አውሮፕላኑን በሙሉ በትኖ ያድሳል። የተሠራው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል። ሊጠግን የተመደበው ወጣትም ራዲዮ ወይም ሞተር ከመንካቱ በፊት ከላይ የጠቀስናቸውን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መሠረታዊ ሕጎች ይማራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕጉን ሳያውቅ ዕቃውን ብቻ የለመደ ሰው ዕቃው በተለወጠ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። በኮምፓስ አጠገብ የብረት መፍቻ ረስቶ የሄደ ጠጋኝ መርፌዋን ሊያሳስታትና አብራሪውን ወደማይፈልገው አገር ሊወስደው እንደሚችል የሚረዳው መግነጢስ ምን እንደ ሆነ ሲያውቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ የብሱ እንመለስ። በአዲስ አበባ አቅራቢያ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ጕልበቱም 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። በ1948 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በቻርተር ተቋቋመ። በአዋሽ ላይ ቆቃ፣ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ፣ በ1952 ዓ. ም. በ43.2 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። እ. ኤ. አ. በ1973 ፊንጫ በ100 ሜጋ ዋት ተከተለ፤ ውሃው ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወርዶ ተርባይኑን ይመታል። ከፊንጫ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ታላቅ መስመርም በጌዶ በኩል የምዕራብ ሸዋን ምድር ያቋርጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው የዓባይ ግድብ ተመረቀ። የጉደር ወንዝ ውሃም ወደዚያው ወደ ዓባይ ይወርዳልና፣ የጅባትና የሜጫ ዝናብ በዚያ ብርሃን ውስጥ ድርሻ አለው።

ከ6.6 እስከ 5,150 መድረስ የሚያኰራ ነው። ነገር ግን አባ ሳሙኤል የሚያስተምረን ሌላም ትምህርት አለ። ይህ የመጀመሪያ ማመንጫችን በደለልና በእርጅና ተይዞ ለአሥርታት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ኖረ፤ በመጨረሻም በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታደሰ። ግድብን የሚያቆመው ሲሚንቶ ነው፤ የሚያኖረው ግን በየዓመቱ ደለሉን የሚጠርገውና ዘይቱን የሚለካው ሰው ነው።

ይህ ነገር በትልቁ ግድብ ብቻ አይወሰንም። ኤሌክትሪክ ከሩቅ ሲመጣ በብዙ ቮልትና በጥቂት አምፔር ይጓዛል፤ አምፔሩ ከበዛ ኃይሉ በመንገድ ላይ ሽቦ በማጋል ያልቃልና። ወደ ከተማ ሲደርስ በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር በፋራዴይ ሕግ ቮልቱን አውርዶ ለቤት የሚስማማ 220 ያደርገዋል። በሸነን ወይም በሌላ ትንሽ ከተማ ያለ ትራንስፎርመር ዘይቱ ሲጎድል ወይም ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ምልክት ይሰጣል፤ ይግላል፣ ያጓራል፣ ያንጠባጥባል። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው በከተማው ካለ በትንሽ ወጪ ይድናል። ከሌለ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ወፍጮው ይቆማል፤ በጤና ጣቢያው የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣም ይሞቃል። የሞቀ ክትባት ኃይሉን ያጣል። እንግዲህ በምሰሶው ላይ የጎደለው ዘይት በመጨረሻ በአንዲት እናት ክንድ ላይ ባለ ሕፃን ይደርሳል ማለት ነው።

«ሲበላሽ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል» የሚሉ አሉ። ይመጣል፤ ግን መቼ? እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምናገለግል ሰዎች ለአዲስ ዕቃ ግዥ የሚፈቀደው ገንዘብ ለአሮጌው ጥገና ሲጠየቅ እንደሚያጥር፣ በየግምጃ ቤቱም ጥቂት ብር ቢወጣባቸው ይሠሩ የነበሩ መሣሪያዎች አቧራ ለብሰው እንደሚቀመጡ እናውቃለን። ግዥ ይመረቃል፣ ሪባን ይቈረጥለታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣለታል። ጥገና ግን ምረቃ የለውም፤ በደንብ በተሠራ ቍጥር ምንም ነገር እንዳልተፈጠረ ይመስላል። ስለዚህም ተናቀ።

ያ የባሕር ኃይል ሦስት ደረጃ ለእኛም ሊስማማን ይችላል ብለን እናስባለን። በየከተማው የዕለቱን ምርመራ የሚያደርግ፣ መሠረታዊ ሕጉን የተማረ የአካባቢው ልጅ ይኑር፤ እንደ አምቦ ባለ ማዕከል መለዋወጫና መለኪያ ያለው ወርክሾፕ ይኑር፤ ከባዱ ብቻ ወደ አዲስ አበባ ይላክ፤ የሁሉም ሥራ በመዝገብ ይጻፍ። በአምቦ በ1939 ዓ. ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ዛሬ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ያላት ናት። ለእርሻው የተደረገው ለሽቦውና ለሞተሩም በርትቶ ቢደረግ የሚከለክል የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ልብ መለወጥ አለበት። መፍቻ የያዘ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ወጣት ወደ ቤቱ ሲገባ ወላጆቹ «ቢሮ የተቀጠረ ልጅ ቢኖረን» ብለው የሚያዝኑ ከሆነ፣ የቀጥቃጩ ስድብ ስሙን ለውጦ ገና አብሮን አለ ማለት ነው። ቦነያ ላይ አውሮፕላን ያቃጠሉትን ጀግኖች እናከብራለን፤ ይገባቸዋልም። ዛሬ ከምሰሶው ጫፍ ወጥቶ፣ ዝናብና ንፋስ እየመታው፣ የጠፋውን መብራት የሚመልሰውን ልጅም በስሙ ጠርተን እናመስግነው። ብረት የሚስበው ድንጋይ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ አገርን ከአገር የሚለየው ድንጋዩን የሚያውቀው እጅ የሚሰጠው ክብር ነው።